ኢሳ እና ኢሳቅ፤ አባት ቆጠራው ለምንድን ነው?

ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ኢሳና ኢሳቅ አንድ ናቸው እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ መልሱን እዚሁ ላድርገው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

አንድ አይደሉም። ኢሳቆች ቀደምት አባታችን ሼክ ኢሳቅ ነው ይላሉ፤ መቃብሩ ሶማሌላንድ ጠረፍ ላይ፣ ማይት በምትባል ቦታ ይዘየራል። ሀርጌሳና በርበራ የእነሱ አገር ነው። ኢሳዎች ግን ራሳቸውን ከዲር ነው የሚቆጥሩት። ምድራቸው ከዘይላና ከጅቡቲ ተነስቶ እስከ ድሬዳዋ አካባቢ ይዘልቃል፤ ድሮ ሽንሌ የምንለው፣ ዛሬ ሲቲ ዞን የሚባለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰሞኑን የጎሳ ሐረግ በሰንጠረዥ እየተሠራ ሲለጠፍ አያለሁ። ከሥሩ ደግሞ «ነባር ማነው፣ መጤ ማነው» የሚል ጭቅጭቅ አይጠፋም። እኔ እንደማየው ጭቅጭቁ የሚነሳው ሐረጉን እንደ መሬት ካርታ ስለምናነበው ነው። በአማራው አገር ርስት ለመጠየቅ ዘር ይቆጠር ነበር፣ በእናትም በአባትም። ለጋብቻ ደግሞ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ሶማሌው አብቲርሲ የሚለው ቆጠራ ግን በአባት በኩል ብቻ ነው። አንድ ሕፃን ሃያና ከዚያ በላይ አባቶቹን ሳይደናቀፍ ይወርድልሃል። ግጦሹ በግል የተያዘ አይደለም፤ ስለዚህ ቆጠራው የሚነግርህ ክፉ ቀን ሲመጣ ከማን ጋር እንደምትቆም ነው።

እንዴት ቢሉ፣ ሰው ሲገደል የደም ካሳ (ማግ) ይከፈላል። በተለምዶ ለወንድ 100 ግመል፣ ለሴት 50። (የሴቷ ግማሽ መሆኑ ዛሬም ያከራክራል፤ ቢያከራክር ደግ ነው።) ይህን ያህል ግመል አንድ ሰው ብቻውን ከየት ያመጣል? የሚያዋጡት በጥቂት አባቶች ላይ የሚገናኙት ዘመዶቹ ናቸው። ሲገደልበትም ተቀባዮቹ እነሱው ናቸው። በእኛ ቋንቋ እድር በሉት፤ ለቀብር ሳይሆን ለደም የቆመ እድር።

የላይኞቹ ስሞችስ? ኢሳቆችም ዳሮዶችም ሐረጋቸውን ከአረብ አገር ከመጡ ሼኮች ያገናኛሉ፤ ብዙ የታሪክ አጥኚዎች ይሄን እንደ ክብር ትውፊት እንጂ እንደ ዘር መዝገብ አይወስዱትም። በዚህ የሚስቅ ሰው ካለ ክብረ ነገሥትን ያስታውስ። የእኛ ነገሥታትም እኮ ሐረጋቸውን ኢየሩሳሌም ድረስ ነው የወሰዱት።

ኢሳዎች ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የራሳቸው የቃል ታሪክ እንደሚለው፣ ከነገዶቹ ከፊሎቹ የኢሳ የአብራክ ልጆች ሲሆኑ ሌሎቹ በኋላ የተቀላቀሉ ናቸው። ይሄንን አይደብቁትም። አንድ ያደረጋቸው ሄር ኢሴ የሚባለው ሕግ ነው። 44 ሽማግሌዎች ሲቲ በሚባለው ቦታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ዘለግ ላለ ጊዜ ተከራክረው ደነገጉት ይባላል። (44 ቁጥር ሲነሳ የጎንደር ሰው ታቦቶቹን ማሰቡ አይቀርም!) ሕጉ ደምን፣ ንብረትንና ክብርን ይዳኛል። መሠረቱም ኢሳ ከኢሳ አይበልጥም የሚል ነው፤ የተወለደውም የተቀላቀለውም እኩል ነው። ኡጋዙ ከዋርዲቅ ወገን ይመረጣል፤ ግን አባት ነው እንጂ አዛዥ አይደለም፣ ያለ ሸንጎው ብቻውን አይወስንም።

ይሄ ሕዝብ በአሥር ዓመት ውስጥ ለሦስት መንግሥታት ተከፈለ። በ1888 እንግሊዝና ፈረንሳይ በዘይላና በጅቡቲ መካከል መስመር አሰመሩ፤ በ1897 ሁለቱም ከምኒልክ ጋር ተዋዋሉ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጎሳው መንገድ የባቡሩም መንገድ ሆነ፤ በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ። በ1967 ደግሞ ፈረንሳይ ጅቡቲን «የአፋሮችና የኢሳዎች ግዛት» ብላ ሰየመቻት። የሁለት ሕዝብ ስም በአገር ስም ላይ ሲጻፍ፣ ፖለቲካው ከዚያ በኋላ በቁጥር ፉክክር ቢሆን ምን ይገርማል? በ1977 ነፃነት ሲመጣ ስሙ ተቀየረ፣ ፉክክሩ ግን አልቀረም። በእኛም በኩል በአፋርና በኢሳ መካከል የፈሰሰውን ደም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሄር ኢሴ ግን ሦስቱንም ድንበር ተሻግሮ ኖረ። በኅዳር 2017 (በፈረንጅ 2024) ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። ሦስት መንግሥታት በአንድ ማመልከቻ የፈረሙበት ሕግ፣ ከመጀመሪያው ያለ ወረቀት በቃል ሲወርድ የመጣ ነው።