የየመኑ ነጋዴ ሐቅ



ሰው ማንም ሊያስገድደው በማይችልበት ቦታ የሌላውን ሐቅ ለምን ይከፍላል? ልጆቻችንን «አትዋሹ፣ የሰው አትንኩ» ስንላቸው «ለምን?» ብለው ቢጠይቁን፣ ብዙዎቻችን «ሐራም ነዋ!» ብለን እናልፋለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አጥርተነዋል። ይህ ጥያቄ ኢስላም ከመምጣቱ በፊት፣ ሐላልና ሐራም የሚለይ ኪታብ በእጃቸው ያልነበራቸውን የመካ ሰዎችም ገጥሟቸው ነበር። ምን እንዳደረጉ የሲራ ኪታቦች መዝግበውታል፤ እስቲ አብረን እንየው።

ዘመኑ 590 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ወሕይ ሊወርድላቸው 20 ዓመት ያህል ይቀራል። የየመን ሰው የሆነ፣ ከዙበይድ ጎሳ የተወለደ አንድ ነጋዴ ሸቀጡን ይዞ መካ ገባ። ዕቃውን የገዛው አል-ዓስ ኢብን ዋኢል ነው፤ ከበኒ ሰህም ጎሳ የሆነ፣ ሀብት ያለውና የሚፈራ ሰው። ዕቃውን ተረከበ፤ ዋጋውን ግን ከለከለ። እንግዳው ከአል-ዓስ ወገን ጋር በመሐላ ወደ ተሳሰሩት ጎሳዎች ሄዶ ቢለምን ገሥጸው መለሱት። በዚያ ዘመን ሰውን የሚጠብቀው ጎሳው ነው፤ ጎሳው ከሩቅ የሆነበት ሰው ሐቁን የሚያስመልስለት አልነበረም። መላ ሲያጣ፣ ፀሐይ ስትወጣ ቁረይሾች በካዕባ ዙሪያ እንደተቀመጡ ወደ አቡ ቁበይስ ተራራ ወጣና በደሉን በግጥም እየጮኸ አሰማ።

ቀድሞ የተነሳው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ዙበይር ኢብን ዐብዱል ሙጦሊብ ነበር፤ ነገሩ እንዲሁ ሊተው እንደማይገባ ተናገረ። ከዚያም የበኒ ሃሺም፣ የበኒ ሙጦሊብ፣ የአሰድ፣ የዙህራና የተይም ሰዎች በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰበሰቡ። እርሱም ምግብ አዘጋጅቶ አበላቸው። የመካ ሰውም ይሁን መጤ፣ የተበደለ ሁሉ ሐቁ እስኪመለስለት ድረስ በበዳዩ ላይ አንድ እጅ ሊሆኑ ተማማሉ። ወዲያው ወደ አል-ዓስ ሄደው ዕቃውን ከእጁ አውጥተው ለባለቤቱ መለሱ። ይህ ነው ሒልፍ አል-ፉዱል የሚባለው።

ለምን ይህን አደረጉ? «ለጥቅማቸው ነው» የሚሉ አሉ። መካ እርሻ የላትም፤ የምትኖረው በንግድና በካዕባ ጎብኚዎች ነበር። እንግዳ ከተዘረፈ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሌላ ገበያ ይዞራል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ግን ልብ በሉ፣ አል-ዓስም እኮ ነጋዴ ነው። እርሱም ጥቅሙን አስልቷል። ሌላው ሁሉ ታምኖ ሲነግድ፣ አንድ እርሱ ቢያጭበረብር ገበያው እንደማይፈርስ ያውቃል። ጥቅም ብቻውን ሰውን መልካም ቢያደርግ ኖሮ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጻድቅ በሆነ ነበር። በዚያ ቤት የተቀመጡትን ሰዎች ያነሳሳቸው ከሸቀጥ ያለፈ ነገር ነው። የተበደለ ሰው ጩኸት ሲሰማ የሚሸማቀቅ ልብ አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ ሁሉ ሰጥቷል፤ ዑለማኦቻችን ፊጥራ የሚሉት ይህንን ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ቤት ተገኝተው ነበር። ከነቢይነታቸው በኋላም ያንን ውል በቀይ ግመሎች እንኳ እንደማይለውጡት፣ በኢስላም ዘመንም በእርሱ ስም ቢጠሩ አቤት እንደሚሉ ተናግረዋል። ቀይ ግመል በዐረቦች ዘንድ የሀብት ሁሉ ቁንጮ ነው። ውሉን የተማማሉት ጣዖት የሚያመልክ ሕዝብ ልጆች ነበሩ፤ ፍትሑ ግን ፍትሕ ነውና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላቃለሉትም። ከእኛ ውጭ ያለ ሰው መልካም ሲሠራ ማመስገን የሚከብደን ሰዎች ይህን ሐዲስ ደጋግመን ልናስበው ይገባል።

አሁን ወደ አል-ዓስ እንመለስ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ያው ነው። ኸባብ ኢብን አል-አረት (ረ.ዐ.) በባርነት የኖረ፣ ሰይፍ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። ለአል-ዓስ ሠርቶለት ዋጋውን ሊቀበል ሄደ። አል-ዓስ ኸባብ በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ካልካደ በስተቀር እንደማይከፍለው ነገረው። ኸባብም አል-ዓስ ሞቶ እስኪቀሰቀስ ድረስ እንኳ እንደማይክድ መለሰለት። በዚህ ጊዜ አል-ዓስ እየተሳለቀ፣ ከሞት ከተነሳ ያኔም ገንዘብና ልጅ እንደሚኖረውና ዕዳውን እዚያው እንደሚከፍል ተናገረ። በሱረቱ መርየም ከቁጥር 77 እስከ 80 ያሉት አንቀጾች የወረዱት በዚህ ምክንያት ነው።

በዘገባው ውስጥ ለኸባብ የተነሳ ሰው የለም። የመሐላ ጉልበት ቆሞ የሚያስፈጽመው ሰው እስካለ ድረስ ነው። አል-ዓስም ኪያማን ያስተባበለው በክርክር ተሸንፎ አልነበረም፤ ሒሳብ የሌለበት ዓለም ለባለዕዳ ስለሚመች ነው።

በ615 እ.ኤ.አ. ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች እንዲያስመልሷቸው ከላኳቸው መልእክተኞች አንዱ የዚሁ ሰው ልጅ፣ ያኔ ገና ያልሰለመው ዐምር ኢብን አል-ዓስ ነበር። (በአባት ሥራ ልጅ አይጠየቅም፤ ዐምር (ረ.ዐ.) ኋላ የሰለመና ትልቅ ታሪክ የሠራ ሰሃባ ነው።) ለንጉሡና ለሹማምንቱ የቆዳ ስጦታ ይዘው መጡ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በጃሂሊያ ዘመን ብርቱው ደካማውን ይበላ እንደነበር ለነጃሺ ሲያስረዳ፣ የየመኑን ነጋዴ የበላው ሰው ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ነጃሺን የሚያስገድድ ማንም አልነበረም። ስደተኞቹን አሳልፎ ቢሰጥ ስጦታውም የመካ ወዳጅነትም የእርሱ ነው። እርሱ ግን አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት ጉቦ እንዳልተቀበለው አስታውሶ ስጦታውን መለሰ። በዚህች አገር የምንኖር ሙስሊሞች ይህን ታሪክ በኩራት እንተርካለን፤ የእኛ ኩራት ከሥራ ጋር ይሁን።

ኢብን ጁድዓንስ? ከተይም ጎሳ ነውና ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘመዳቸው ነበር። ዝምድናን ይቀጥል፣ ድሃን ያበላ የነበረው ይህ ሰው በአኺራ ይጠቀም እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። እንደማይጠቅመው፣ አንድ ቀን እንኳ ጌታውን በፍርዱ ቀን ኃጢአቱን እንዲምረው ለምኖ እንደማያውቅ መለሱላቸው። ይህ ሐዲስ ከባድ ነው። በቤቱ የተማላውን ውል የወደዱት ነቢይ ራሳቸው ናቸው ይህን የተናገሩት። በጎነቱን አልካዱም፤ ነገር ግን ያ ሰው የሠራው ለማን እንደነበር አሳዩን። የሰው ምስጋና የሰሪውን ዋጋ እዚሁ ይከፍላል።

ሒሳብን እናምናለን የምንለው እኛ ደግሞ እንጠየቅ። ከገጠር መጥታ በቤታችን የምታገለግል ልጅ ወገን የላትም፤ አቡ ቁበይስም የላትም። ደመወዟን «ይቀመጥልሽ» ብለን ዓመት ስናሳልፍ፣ ሰሐን ሰበረች ብለን ስንቆርጥ፣ ማን ያየናል? በዐረብ አገር የሠራችበትን ገንዘብ ተከልክላ የተመለሰች እህታችንን ሰምተን አልቅሰናል፤ በራሳችን ማድቤት ያለችውስ?

«ሁሉም በአኺራ ይከፈላል» ብሎ በዳይን መተውም የኢስላም መንገድ አይደለም። በሙዓዊያ ዘመን (661–680 እ.ኤ.አ.) የመዲና ገዥ የነበረው አል-ወሊድ ኢብን ዑትባ በሥልጣኑ ተመክቶ በአንድ ንብረት የሑሰይን ኢብን ዐሊን (ረ.ዐ.) ሐቅ ያዘ። ሑሰይን ካልመለሰለት ሰይፉን ይዞ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ቆሞ በሒልፍ አል-ፉዱል ስም እንደሚጣራ ማለ። ዐብዱላህ ኢብን ዙበይር እዚያው ነበርና፣ ከተጣራ ሐቁ እስኪመለስ ወይም አብረው እስኪሞቱ እንደሚቆም ማለ። ወሬው የደረሳቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንደዚያው አሉ። አል-ወሊድ ይህን ሲሰማ ለሑሰይን ሐቁን መለሰ።