ርቀቱ የት ላይ ነው? ከፕላዝማ እስከ ቴሌግራም

የርቀት ትምህርትን ርቀት በኪሎ ሜትር መለካት ለምዶብናል። የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር ግን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባዳበረው ንድፈ ሐሳብ ርቀቱን የፈለገው በመምህሩና በተማሪው መግባባት ውስጥ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፉትና የሚያጠቡት የሁለቱ ምልልስ፣ የትምህርቱ አወቃቀርና የተማሪው ራሱን ችሎ የመማር አቅም ናቸው። እንዲህ ከሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦም መራራቅ አለ።

የፕላዝማ ትምህርት የቅርብ ምስክራችን ነው። በ1990ዎቹ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ወደ ክፍል ቴሌቪዥኖች መሰራጨት ሲጀምር፣ አንዱ ትምህርት ለከተማውም ለገጠሩም እኩል ይደርስ ነበር፤ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ችግሩ ከደረሰ በኋላ ያለው ነው። የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ መልመጃ ይሰጣል፤ ግማሹ ክፍል ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። «አንዴ ይድገሙልን» የሚባል ሰው የለም። መብራት የጠፋ ዕለትማ ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ ኦንላይን ማስተማር የሁላችንም መነጋገሪያ ሆነ። ታዲያ ብዙ ጊዜ «ኦንላይን» ሲባል የሚታሰበው የቀጥታ ቪዲዮ ነው፤ በእኔ እይታ ይህ ፕላዝማውን ወደ ስልክ ማዛወር ነው። ሒሳቡም አያዋጣም። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በሰከንድ 24 ኪሎቢት የተቀዳ የ10 ደቂቃ ድምፅ ግን 2 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ኔትወርክ በመጣ ሰዓት ይወርዳል፣ ደጋግሞ ይደመጣል።

አንዲት የርቀት ተማሪዬ የስታትስቲክስ መልመጃዋን ከደብተሯ ላይ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ የአውራ ጣቷ ጥላ የገጹን ጥግ ሸፍኖታል። ከ10 መረጃዎች የናሙናውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስትፈልግ፣ በ9 መካፈል ሲገባት ሦስተኛው መስመር ላይ በ10 አካፍላለች። የ40 ሰከንድ ድምፅ ላክሁላት። ማታ፣ መብራት ሲመጣላት መሰለኝ፣ «እሺ መምህር፣ ግን 1 የሚቀነሰው ለምንድን ነው?» ብላ መለሰች። ከዚያ በፊት በሰጠሁት የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ትምህርት ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። መልስ ለመስጠት እኔም መጽሐፍ መግለጥ ነበረብኝ።

ስለዚህ ኮርስ ሲቀረጽ መጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባው የተማሪው ጥያቄ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ ፒዲኤፉና ቪዲዮው ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ዋጋው ግን በመምህሩ ላይ ይወድቃል። 80 ተማሪ ላለው ክፍል፣ ለእያንዳንዱ በሳምንት 3 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 4 ሰዓት ይሆናል። እኔ በማውቀው የመምህራን የሥራ ጭነት (ሎድ) አቆጣጠር የሚመዘገበው ሌክቸሩ ነው፤ እነዚያ 4 ሰዓታት የሚገቡበት ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።