ቡና ሲከሰስ ጭሱ የት ነበር?

ዋጫን ከዋንጫ ጋር እንዳታምታቱብኝ። ዋጫ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ ከተማ ናት። ዋንጫ ባይኖራት ሲኒ አላት፤ ያውም በየቤቱ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ደግሞ ዛሬ ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ዘር የተነሳበት ነው። የካፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቦንጋ ላይም ለቡና ብሔራዊ ሙዚየም ቆሞለታል። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ።)

ስለ ቡና ታሪክ ሲነሳ ሁላችንም ወደ ፍየሎቹ እንሮጣለን። የፍየሎቹን ተረት ለዛሬ እንተወውና ብዙ የማይወራለትን ሌላ ታሪክ ላጫውታችሁ። ቡና በካንሰር ተጠርጥሮ ሩብ ምዕተ ዓመት በዓለም መዝገብ ላይ ኖሯል። ከክሱ ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር ተደብቆ ነበር፤ ጭስ። ጭሱን ዱካውን ተከትሎ ለመያዝ ያስቻለው በዲኤንኤያችን ላይ የሚለጠፍ እጅግ ደቃቅ ምልክት ነው። ስሙ ሜቲሌሽን ይባላል። ስሙ አያስፈራችሁ፣ እንደርስበታለን።

ክሱ የጀመረው በማርች 1981 ነው። የሐርቫርዱ ብራያን ማክማሆንና ባልደረቦቹ 369 የቆሽት ካንሰር ታማሚዎችን ከ644 ሌሎች ሕሙማን ጋር አነጻጽረው፣ ቡና ጠጪዎቹ ለቆሽት ካንሰር የበለጠ የተጋለጡ መስለው ታዩን ብለው ጻፉ። ወሬው በአንድ ጊዜ ዓለምን ዞረ። ጥናቱ ግን ክፍተት ነበረበት። ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት ሕሙማን ብዙዎቹ በዚያው በጨጓራና በአንጀት ሐኪሞች ዘንድ የሚታከሙ ነበሩ። ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው ደግሞ ቡና ይቀንሳል። እነሱ ትንሽ ስለጠጡ ሌላው ብዙ የጠጣ መሰለ! በ1986 ያው ቡድን ጥናቱን ቢደግመው የፊተኛውን ውጤት ማግኘት አልቻለም።

ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ክሱ የፊት ገጽ ያገኛል፣ ማስተባበያው ደግሞ ውስጥ ገጽ ከማስታወቂያ ሥር ይወሸቃል።

በ1991 ነገሩ ባሰ። መቀመጫውን በፈረንሳይ ሊዮን ያደረገው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ፣ ቡናን የሽንት ፊኛ ካንሰርን «ሊያመጡ ይችላሉ» ከሚባሉት ተርታ አሰለፈው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። እዚያ በዚያን ዘመን ቡና የሚያበዛው ሰው ሲጋራም ያበዛል፤ በአንድ እጁ ሲኒ፣ በሌላው ሲጋራ። ለሽንት ፊኛ ካንሰር ዋነኛው መንስኤ ደግሞ ሲጋራ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዴት ይለያል?

«ታጨሳለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሰው ግን ስለ ሲጋራው ሲጠየቅ ቁጥር ይቀንሳል፣ አንዳንዱም ይረሳል። ስለዚህ የማይቀንስና የማይረሳ ምስክር አስፈለገ። ምስክሩ ከራሱ ከሰውየው ደም ውስጥ መጣ።

የድጓ መጽሐፍ ገልጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከግዕዙ ፊደል በላይ ትንንሽ የዜማ ምልክቶች ተደርድረዋል። ምልክቶቹ ፊደሉን አይለውጡትም። ድምፁ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚያርፍ ለመሪጌታው የሚነግሩት ግን እነሱ ናቸው። የእኛም ዲኤንኤ እንደዚያ ነው። የጉበታችን ሴልና የዓይናችን ሴል የያዙት ጽሑፍ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በላዩ ባሉት ምልክቶች ነው። ከምልክቶቹ አንዱ ሜቲል የሚባል፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ብቻ ያለው ቅንጣት ነው። ዲኤንኤ ከተጻፈባቸው አራት ፊደላት በአንደኛው፣ በሳይቶሲን ላይ ይለጠፋል። በአንድ ጂን መነሻ ላይ ሲበዛ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል።

ሮሊን ሆችኪስ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ለየት ያለ ሳይቶሲን በጥጃ ዲኤንኤ ውስጥ አግኝቶ የጻፈው በ1948 ነው። ምን እንደሚሠራ ለመገመት ሌላ 27 ዓመት ፈጀ። በ1975 አርተር ሪግስ በአሜሪካ፣ ሮቢን ሆሊዴይና ጆን ፑ በእንግሊዝ፣ ሳይነጋገሩ አንድ ሐሳብ አመጡ፤ ምልክቱ ጂን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ሴል ሲከፈልም ወደ ልጁ ሴል ይተላለፋል የሚል። በ1983 ደግሞ አንድሩ ፋይንበርግና በርት ቮግልስታይን የዕጢን ሴል ከጎኑ ካለው ጤነኛ ሴል ጋር ሲያስተያዩ፣ ከዕጢው ላይ ብዙ ምልክት ረግፎ አገኙት። በ1990ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች የነገሩን ሌላ ገጽታ አሳዩ። ምልክቱ ከብዙ ቦታ ሲረግፍ፣ የሴልን መባዛት በሚቆጣጠሩ ዘበኛ ጂኖች ላይ ደግሞ ይከመራል። ዘበኛው አልሞተም፣ አፉ ተይዟል እንጂ።

አፉ የተያዘ ዘበኛ ደግሞ አፉ ሊለቀቅ ይችላል። የሕክምናው ተስፋ እዚህ ላይ ነው። አዛሲቲዲን የሚባለው መድኃኒት ፕራግ ውስጥ በ1964 ሲሠራ የታሰበው ሴል ገዳይ ሆኖ ነበር። በ1980 ፒተር ጆንስ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ ያደገ ሳይንቲስት፣ ከሸርሊ ቴይለር ጋር ሆኖ መድኃኒቱ ሜቲል እንዳይለጠፍ እንደሚያግድ አሳየ። በ2004 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ወደ ደም ካንሰር ሊለወጥ ለሚችል የመቅኔ ሕመም ማከሚያ እንዲሆን ፈቀደው። በ2005 ደግሞ በከባድ የአንጎል ዕጢ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ኤምጂኤምቲ የተባለው ጂናቸው በሜቲል ዝም ያለባቸው ሰዎች ቴሞዞሎማይድ ከሚባለው መድኃኒት የበለጠ እንደሚጠቀሙ አሳየ። ጂኑ መድኃኒቱ ያደረሰውን ጉዳት የሚጠግን ነበርና፣ ዝም ሲል ዕጢው ራሱን መጠገን ያቅተዋል። በ2014 ደግሞ በሰገራ ውስጥ የሜቲል ምልክት ፈልጎ የትልቁን አንጀት ካንሰር የሚጠቁም ምርመራ እዚያው አሜሪካ ጸደቀ።

ወደ ቡናችን እንመለስ። ከ2011 ወዲህ የወጡ ጥናቶች ሲጋራ በደም ሴሎች ዲኤንኤ ላይ ዱካ እንደሚተው አረጋገጡ። ኤኤችአርአር እና ኤፍቱአርኤልስሪ በሚባሉ ጂኖች ላይ የአጫሹ ሜቲል ይቀንሳል። በ2016 የ15,907 ሰዎች ደም የታየበት ጥናት፣ ሲጋራ ካቆሙ በኋላ አብዛኞቹ ምልክቶች በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ፣ አንዳንዶቹ ግን ከ30 ዓመት በኋላም እንደሚታዩ ገለጸ። ሰውየው «አጭሼ አላውቅም» ቢል ደሙ ይመሰክርበታል።

በዚያው በ2016 ሊዮን ላይ 23 ባለሙያዎች ተሰብስበው ከ1,000 በላይ ጥናቶችን ገመገሙ፤ ቡናንም ከተጠርጣሪዎቹ ተርታ አወጡት። «ንጹሕ ነህ» አላሉትም፤ ለመፈረጅ የሚበቃ ማስረጃ የለም አሉ። እንዲያውም ለጉበትና ለማህፀን ግድግዳ ካንሰር ተጋላጭነትን ሳይቀንስ እንደማይቀር ጠቆሙ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁ። ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ፣ ቡናም ይሁን ሻይ ወይም ሌላ፣ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም። ስለዚህ ከጀበናው እንደወረደ እየተንፏፏ የምትጠጡት ጎበዞች፣ ትንሽ በረድ ይበልላችሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። በ2021 ከ15 የጥናት ቡድኖች የተውጣጡ 15,789 ሰዎች ተመርምረው ቡና ከ11 የሜቲል ነጥቦች ጋር ተያይዞ ተገኘ። አንደኛው ነጥብ ከጉበት ስብ ጋር ግንኙነት ስላለው ተመራማሪዎቹን አጓጓ። ነጥቦቹ ካረፉባቸው ጂኖች መካከል ግን እነማን አሉ? ኤኤችአርአር እና ኤፍቱአርኤልስሪ! የሲጋራ ጂኖች። ተመራማሪዎቹ የሲጋራን ተጽዕኖ በስሌት ለመቀነስ ቢሞክሩም፣ ቀሪው የቡና ይሁን ወይም ያልወጣ የጭስ ርዝራዥ፣ ያንን ከዚያው ሕዝብ መለየት ከባድ ነው። ደም የሰጡት ሰዎች የአውሮፓና የአፍሪካ አሜሪካውያን ዘር ያላቸው ነበሩ፤ ቡናና ሲጋራ አብረው በኖሩበት አገር የሚኖሩ።

ታዲያ ሁለቱ የማይገናኙበት አገር የት ነው? እዚሁ! በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5.0 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ። ዋጫ ላይ ቡና አፍልታ ከጎረቤቶቿ ጋር የምትጠጣ እናት ምናልባት በሕይወቷ ሲጋራ አልነካችም። ቡናን ለብቻው ለመጠየቅ ከእሷ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

ግን ቆይ፤ ቡናውን ያፈላችው በምንድን ነው? በማገዶ ነዋ። ያ የካንሰር ኤጀንሲ የቤት ውስጥ የእንጨት ጭስን ካንሰር «ሳያመጡ አይቀሩም» ከሚላቸው መድቦታል። ኤኤችአርአር ደግሞ ጭስ ውስጥ ላሉ ኬሚካሎች መልስ በሚሰጠው የሰውነት ሥርዓት ውስጥ ያለ ጂን ነው። ለሲጋራውም ለማገዶውም የሚሰጠውን መልስ ልጓም የሚያበጀው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ካፋ ላይም ቢሆን ቡናውን ከጭሱ መለየት የግድ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ጭሱ ከሲኒው ሳይሆን ከምድጃው መምጣቱ ነው። ምድጃ ደግሞ መቀየር ይቻላል።

«ሀበሻ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ምን አቅም አለው?» የምትሉኝ አላችሁ። ተጀምሮ ያውቃል። በ2012 የታተመ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አምሃ ገብረመድኅን የተሳተፉበት ጥናት፣ በደጋና በቆላ የሚኖሩ አማሮችንና ኦሮሞዎችን መርምሮ፣ በኦሮሞዎቹ መካከል በጥቂት ጂኖች ላይ የሜቲል ልዩነት አግኝቷል። ጥያቄው ከፍታን ስለ መቋቋም ነበር፣ ስለ ካንሰር አልነበረም። መንገዱ ግን ተረግጧል።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ በነበረበት አገር፣ የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እንኳ ሥራ የጀመረው በ2011 በሆነበት አገር፣ ከዋጫ የምትመጣ ታማሚ የሚያስፈልጋት ቶሎ የሚያያት ሐኪም እንጂ የሜቲል ጥናት አይደለም ይባላል። እውነት ነው፣ ሐኪሙ ይቅደም። ነገር ግን ነገ በሜቲል ላይ የተመሠረተው ምርመራ እዚህ ሲገባ፣ ጤነኛውን ከታማሚው የሚለይበት መስፈርት በሌላ ሕዝብ ደም የተለካ ይሆናል። በጭስ ቤት ውስጥ የኖረችን ሴት ደም አይቶ «አጫሽ ናት» ቢላትስ? ማን ያስተባብልላታል?

ቡና 25 ዓመት የተጠረጠረው በሌላ ሰው ሲጋራ ነው። ቡናን ለዓለም የሰጠው ሕዝብ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ለምስክርነት አልተጠራም። ሙዚየሙ ቦንጋ ላይ አለ፣ ደኑም አለ፣ ሲኒውም አለ። የጎደለው የእነዚያ እናቶች ቃል ነው፤ በአፋቸው የሚናገሩትም፣ በደማቸው የተጻፈውም። እስኪጠየቁ ድረስ ግን ከሁሉ የሚቀድም ቀላል ሥራ አለ፤ ከማጀታቸው ጭሱን ማስወጣት። ለዚያ የማንም ላብራቶሪ ፈቃድ አያስፈልግም።