ስለ ቢስክሌት የኋላ አሞርዛተር ታሪክና አገባብ

ከአሶሳ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ወሰን ወደ ኩርሙክ ቆላ በቢስክሌት የሚወርድ ሰው፣ ድንጋይና ጉድጓድ ሲያጋጥመው ወገቡ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልገንም። ይህን ለማቃለል ሰው ብዙ ዘመን ደክሟል። የከብት ሐኪሙ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ያሰበውን በነፋስ የሚነፋ ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 አስመዘገበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የኢጣልያው ቢያንኪ ለቤርሳሊዬሪ ወታደሮች የሠራው ተጣጣፊ ቢስክሌት ከኋላው ሞላ ነበረው።

ነገር ግን ሞላ ብቻውን የተቀበለውን ኃይል መልሶ ስለሚሰጥ ነጂውን ያነጥረዋል። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የተጀመረው የተራራ ቢስክሌት እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ ይህን ነጠራ የሚገታበት አሞርዛተር የተለመደ ሆነ።

እንግዲህ አሞርዛተር የምትገዙ ሁሉ፣ ርዝመቱና የሚታመቅበት ልክ ከቢስክሌታችሁ አካል ጋር መስማማቱን አስቀድማችሁ ለኩ። በአየር የሚሠራው ክብደቱ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ልዩ መንፊያ ይሻል፣ አየር የሚይዘው ላስቲኩም ያረጃል። ስለዚህ መለዋወጫ በቅርብ ለማይገኝበት መንገድ እኛ የብረቱን ሞላ እንመርጣለን፤ ጥንካሬው ግን በነጂው ክብደት ይለካል። ጓዛችሁን ይዛችሁ ስትቀመጡ ከመታመቂያው ልክ ከመቶ 25 እስከ 30 ያህል ይርገብ፤ 50 ሚሊሜትር ለሚታመቀው ከ12.5 እስከ 15 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የመመለሻውን ፍጥነት አስተካክሉ። ኮርቻው ሽቅብ ከወረወራችሁ አዘግዩት፤ በተከታታይ ጉድጓድ ላይ ሳይመለስ ሰምጦ ከቀረ አፍጥኑት።