«ሆዴን» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዚህ እትም የምናወራው ሐኪም ፊት ስንቀመጥ አፋችን ላይ ስለሚደርቁት ቃላት ነው። ቡና ላይ ስንሰበሰብ ስለ ወለድነውም ስለ ታመምነውም እንደ ልባችን እንጫወታለን። ካርድ አውጥተን፣ ተራ ጠብቀን፣ የሐኪሙ በር ከኋላችን ሲዘጋ ግን «ሆዴን ያመኛል» ብለን እንቀራለን። ከመካከላችን አንዷ ይህንኑ ብላ ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ስትወስድ ከርማለች፤ ሕመሟ የማህፀን ነበር። ሐኪሙ የሰማውን አከመ።

ይህን «የሴት ዓይነ አፋርነት» ብለው የሚያልፉት አሉ። እኛ ግን ታሪክ ያለው ነገር ነው እንላለን፤ ታሪኩም ከራሱ ከቋንቋው ይጀምራል።

ዛሬ «ብልት» ሲባል ደንገጥ እንላለን። ዶሮ የገነጠለች ሴት ግን ቃሉን አሳምራ ታውቀዋለች። ዶሮ 12 ብልት አላት፤ ብልቷን አስተካክላ ማውጣት የማትችል ሙሽራ አማቷ ፊት ታፍር ነበር። የበሬም ብልት አለ፣ የበግም። ቃሉ የአካል ክፍል ማለት ነው እንጂ ሌላ ነውር የለበትም። የግዕዙ «አባል»ም እንደዚሁ ነው፤ እኛ ራሳችን የማኅበር አባላት ስንባል የአንድ አካል ክፍሎች እንደ መባል ነው። «አባለ ዘር» ደግሞ የዘር አካል ማለት ነው። ዛሬ ይህን ቃል «የአባላዘር በሽታ» ከሚለው ውጭ ስለማንሰማው፣ ብዙዎቻችን አባላዘር የበሽታው ስም ይመስለናል። ጤነኛው አካል ስሙን ለበሽታ ሰጥቶ ራሱ ያለ ስም ቀረ።

በኦሪት ዘሌዋውያን የአማርኛ ትርጉም የምናገኘው «ኀፍረተ ሥጋ» ነው። ይህ ስም ስለ አካሉ ቅርጽም ሆነ ሥራ ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን ማፈር እንዳለብን ብቻ ነው። የእኛ ብቻ ነገር ግን አይደለም። የአውሮፓ ሐኪሞች ለዘመናት የተጠቀሙበት የላቲኑ «ፑደንደም» ትርጉሙ «ሊታፈርበት የሚገባ» ነው። እነሱም ከነሀፍረታቸው ነው የተማሩት።

ለደሙ እንኳ የተሻለ ስም ወጥቶለታል። ግዕዙ «ትክቶ» ይለዋል፣ «ልማደ አንስት»ም ይለዋል። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ሴቶቻቸው በዚያ ወቅት የሚለዩበትን ጎጆ «የመርገም ጎጆ» ይሉት ነበር። «የወር አበባ» ያሉት ሰዎች ማን እንደሆኑ ባይታወቅም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ከቤትም ከሐኪምም አፍ ያለ ችግር የሚወጣ ቃል ነው።

ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ ችግሩ በሌላ በኩል ባሰ። መጀመሪያ ሐኪሙ የውጭ ሰው ነበር፤ በሴቲቱና በእሱ መካከል አስተርጓሚ ይቆማል። ለባሏ የማትናገረውን ለሁለት እንግዳ ሰው ልትናገር ነው! ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በ1964 ደግሞ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈቱና የራሳችን ልጆች መሠልጠን ጀመሩ። ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሐኪም ሆኖ ሲመለስ የአካላችንን ስም በባዕድ ቋንቋ ተምሮ ይመጣል፣ አማርኛውን ግን ያወቀው ልጅ ሳለ ከሰፈር ስድብ ነው። ሲጠይቀን እሱም እንደኛ ቢያፍር አይገርመንም።

ቃል መሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፅንስ ሳትፈልግ የወረደባት ሴት «አስወረደኝ» ትላለች፤ ነገሩ በእሷ ላይ ደረሰ ማለቷ ነው። «አስወረድኩ» ካለች ግን ራሷ አድርጋዋለች ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ እንደ ሁኔታው በሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ጫፍ ነው። ካርዱ ላይ ሁለቱም «ውርጃ» ተብለው ይጻፋሉ። ደም እየፈሰሳት የመጣች እናት የቱን እንዳለች በደንብ ያልሰማ ሰው ሊረዳት ሳይሆን ሊመረምራት ይነሳል።

በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጥተው ሲሠሩ፣ በምጥ ብዛት ፌስቱላ የያዛቸውን ሴቶች አገኙ። በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ከቀዶ ሕክምናው ባላነሰ እኛ የምናደንቀው፣ ከዳኑት ሴቶች መካከል ብዙዎቹ እዚያው በረዳትነት መቅረታቸውን ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆነው ገብተው መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው እስከ ቀዶ ሕክምና ባለሙያነት ደርሰዋል። አዲስ የመጣች ልጅ «ሽንቴን መቋጠር አቃተኝ» ስትል፣ ያንኑ ቃል በራሷ አፍ ብላው የምታውቅ ሴት አጠገቧ አለች። አስተርጓሚ አያስፈልግም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው ቤት ለቤት ሲዞሩ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ሲጀምር፣ «የማህፀን በር» የሚለው ቃል በሬዲዮም በትምህርት ቤትም ተሰማ። ልጆቻችን ሳይሽኮረመሙ ይሉታል።

እኛም በውይይታችን የምንጠቀምባቸውን ቃላት ለመምረጥ ሞክረናል። ለውጩ «ብልት»፣ ለውስጡ «ማህፀን»፣ ለመግቢያው «የማህፀን በር»፤ «ሆድ» ለሆድ ብቻ ይሁን ተባለ። ትልልቆቹ እናቶቻችን «ብልት» ማለት አልሆነላቸውም። «ልጅ በሚወጣበት በኩል ነው የሚያመኝ በሉ፣ ያልገባው ሐኪም ካለ ሐኪም አይደለም» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ከዝርዝሩ ጋር ጻፍነው። ያልተስማማነው «ቂንጥር» በሚለው ነው። ገሚሶቻችን በሕክምና ትምህርት ያለ ቃል ስለሆነ እንጠቀምበት ስንል፣ ገሚሶቻችን ደግሞ ከስድብ እስኪጠራ ድረስ አንደፍረውም አልን። ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ አሳድረነዋል።