እጥፋት የተከለከለበት ሱሪ

የወንድ ካልሲ ከ24 ሴንቲ ሜትር እንዳይረዝም መንግሥት የደነገገበት ዘመን ነበር። አገሩ እንግሊዝ፣ ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስና፣ ከጁን 1 ቀን 1941 ጀምሮ ልብስ በኩፖን ሆነ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ጭነት የያዘውን መርከብ ሁሉ ያሳድዱ ነበር፤ ፋብሪካዎቹም ከሲቪሉ በፊት ወታደሩን ማልበስ ነበረባቸው። ለአንድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 66 ኩፖን ተሰጠው። ኮት 13፣ ሱሪ 8፣ ሰደርያ 5 ኩፖን ስለሚወስዱ አንድ ሙሉ ልብስ 26 ይበላል። በዚያ ላይ ጫማ በ7 ሲጨመር የዓመቱ ድርሻ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ገንዘብ ያለውም ቢሆን ያለ ኩፖን ከሱቅ ባዶ እጁን ይወጣል። ከራሽን ነፃ የሆነው ባርኔጣ ነበር።

የድሮ የወንድ ልብስ ለሚሰበስብ ሰው ከዚህ የራሽን ዘመን የተሻለ መነሻ የለም ብዬ አምናለሁ። አብዛኛው ሰብሳቢ የሚያሳድደው የታዋቂ ልብስ ሰፊ ሥራ ነው። እኔ ግን የዚያ ዘመን ተራ ሱፍ ይበልጥብኛል፤ ምክንያቱም የተሠራበትን ጊዜ ራሱ ይናገራል።

በ1942 የወጣው ደንብ ጨርቅ ለመቆጠብ ሲል የወንዶችን ልብስ ቅድ አንድ በአንድ ገደበ። ሁለት ረድፍ ቁልፍ ያለው፣ ደረቱ የሚደራረበው ኮት ቀረ። የኪሱ ቁጥር ተቀነሰ፣ ከፊት ከሦስት ቁልፍ በላይ ማድረግ ተከለከለ፣ እጅጌ ላይ ለጌጥ ብቻ የሚሰፋው ቁልፍም ተነሳ። ወንዶቹን ከሁሉ ያስቆጣው ግን የሱሪ ግርጌ እጥፋት መከልከሉ ነበር። በዚያን ጊዜ እጥፋት የሌለው ሱሪ የደንብ ልብስ እንጂ የጨዋ ሰው ልብስ አይመስልም። ስለዚህ ብዙዎች ሆን ብለው ከቁመታቸው የረዘመ ሱሪ እየገዙ ግርጌውን ሰፈር ላለ ልብስ ሰፊ ይሰጡና ያሳጥፉት ነበር። ሕጉ ፋብሪካውን እንጂ የሰፈሩን መርፌ ሊቆጣጠር አልቻለም፤ ጨርቁም አልተቆጠበም። በ1944 መጀመሪያ ገደቡ ለወንዶች ተነሳ።

ይህ ታሪክ በእጅዎ ላለው ኮት ምን ይጠቅማል? ገበሩን ይግለጡና ማርካውን ይፈልጉ። ሬጂናልድ ሺፕ የተባለ ሰው የነደፈው፣ ሁለት ወፋፍራም ሲ ፊደሎች ጎን ለጎን ቆመው 41 ቁጥር የተከተላቸው ምልክት ካገኙ፣ ልብሱ መንግሥት ጥራቱንና ዋጋውን ተቆጣጥሮ ያሠራው ነው። ይህ አሠራር የቆየው ከ1941 እስከ 1952 ነውና አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ገቡ። ቀጥሎ ቅዱን ይዩ። ምልክቱ ያለበት ኮት ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ከ1942ቱ ደንብ በፊት ካልተሰፋ በቀር ገደቡ ከተነሳ ከ1944 ወዲህ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል። ሱሪው እጥፋት ካለው ደግሞ ስፌቱን በደንብ ይመርምሩ፦ ክሩ ከቀረው የሱሪው ስፌት ጋር የማይመሳሰል በእጅ የተሰፋ እጥፋት ከሆነ፣ ምናልባት አንዱ ደንብ ተላላፊ የሠራው ነው። እኔ እንዲህ ያለው ሱሪ ቢገጥመኝ እጥፋቱን በጭራሽ አልፈታውም።

ማርካ ግን ያታልላል። ሳልባጅ ሲያገላብጥ ያደገ ሰው ማርካ ማየት ያውቅበታል፤ ሆኖም በአሜሪካ ሱፎች ኪስ ውስጥ የሚገኘው የልብስ ሠራተኞች ማኅበር ማርካ ብዙ ሰው ያሳስታል። ማርካው ላይ 1949 የሚል ቢጻፍበት ኮቱ በ1949 ተሰፋ ማለት አይደለም። ያ ዓመት የማርካው ንድፍ የተመዘገበበት ነው፤ ቀጣዩ ንድፍ በ1962 እስኪወጣ ድረስ በዚያው ሲጠቀሙ ኖረዋል። የሱፍ ልቃቂት የመሰለው የዓለም አቀፍ የሱፍ ምልክት ያለበት ደግሞ፣ ሻጩ ምንም ቢምል፣ ከ1964 በፊት ሊሆን አይችልም። ከሁሉ የሚታመነው በለንደን የሳቪል ሮው ሰፊዎች በውስጥ ኪስ የሚሰፉት ትንሽ ማርካ ነው፦ የባለቤቱ ስምና ቀኑ በእጅ ጽሕፈት ሰፍሮበታል።

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ መንግሥት ለሚሰናበተው ወታደር ሁሉ ሙሉ ልብስ፣ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ጫማ፣ የዝናብ ካፖርትና ባርኔጣ ሰጠ። እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ በዚያው ዓመት ያሳተመው ከጦር ሜዳ ስለተመለሱ ሦስት ሰዎች የሚተርክ ልብ ወለድ ርዕሱን ያገኘው ከዚህ አዲስ ሱፍ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለብሶት ሳለ ዛሬ በደህና ይዞታ የሚገኘው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ለሥራም፣ ለሰርግም፣ ለቀብርም እሱኑ እየለበሰ ጨረሰው። በአንጻሩ የእንግሊዝን ዙፋን የተወው የዊንዘር መስፍን ኮቶቹን ከ1919 ጀምሮ አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ሰው፣ በፍሬድሪክ ሾልቴ አሰፍቷል፤ ተጠብቀው የቆዩት ልብሶቹም በ1998 ኒው ዮርክ ላይ በሶዝቢስ ጨረታ ተሸጠዋል። የመስፍኑን ቁም ሣጥን የሚጠብቅለት አላጣም። የተሰናባቹን ወታደር ሱፍ የሚያድነው ግን እንዲህ ያለው ልብስ በእጁ የገባ ሰብሳቢ ነው፤ የለንደኑ የጦርነት ሙዚየም በ2015 በራሽን ዘመን አለባበስ ላይ ኤግዚቢሽን ማሳየቱ ያስደሰተኝም ለዚህ ነው።

ይለበስ ወይስ ይቀመጥ? ይለበስ እላለሁ፣ ግን በጥንቃቄ። የዚያ ዘመን ሱፍ ሜትሩ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ወፍራም ጨርቅ ስለሆነ በቀላሉ አይቀደድም፤ ቀድሞ የሚበጠሰው የጥጥ ክሩ ነው። ስለዚህ ለብሰው ከመቀመጥዎ በፊት የመቀመጫውን ስፌት ያስደግሙት። ሱሪው ወገቡ እስከ እምብርት የሚደርስና በትከሻ ማንጠልጠያ የሚያዝ ነው፤ በቀበቶ ካጠበቁት ቅዱ ይበላሻል። ቤት ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ ብልን ይፍሩ። በፕላስቲክ አሽገው በጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ቢያቆዩት እጩም እንቁላሉም ይሞታል። ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩን አውጥተው፣ በጥጥ ጨርቅ ሸፍነው፣ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ይስቀሉት። ልኩ ካልሆነልዎ ልብስ ሰፊው ያጥብብልዎ፤ ግን ትርፉን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይስፋው እንጂ መቀስ አያሳርፍበት፣ ማርካውንም አይንቀለው።