ከታሪፍ ቅናሽ እስከ ቴሌብር፦ ወ/ሪት ፍሬሕይወት ታምሩ በኢትዮ ቴሌኮም

ዛሬ ጎሮ ያለ ወጣት ሮቤ ላለ ነጋዴ ከእጅ ስልኩ ብር ይልካል፤ ባንክ ቤት መሰለፍ ቀርቶለታል። ይህ እንዴት እንደመጣ እንመልከት።

የአገራችን የቴሌኮም ታሪክ የሚጀምረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ተቋሙ ስሙን እየቀያየረ ቆይቶ በኅዳር 2003 ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። በሐምሌ 2010 ወ/ሪት ፍሬሕይወት ታምሩ የዚህ አንጋፋ ተቋም የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ።

መጀመሪያ የነኩት ዋጋውን ነበር። በቀጣዩ ወር የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ፣ የሞባይል ጥሪ ደግሞ በ40 በመቶ ቀነሰ። ልብ በሉ! ያኔ ተፎካካሪ አልነበረም፤ ሳፋሪኮም ፈቃድ ያገኘው ገና በ2013 ነው። ደንበኛው ሌላ መሄጃ ሳይኖረው ዋጋ መቀነስ ገቢን ያጎድላል የሚል ሰው አይጠፋም። ሆኖም በ2011 መጨረሻ 43.6 ሚሊዮን የነበረው ደንበኛ በ2017 መጨረሻ 83.2 ሚሊዮን ደረሰ። ዋጋው ሲቀንስ በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ሕዝብ ገባ።

ቀጥሎ ግንቦት 3 ቀን 2013 ቴሌብር ተጀመረ። ስማርት ስልክ የሌለው ሰውም በተራ ስልኩ *127# ደውሎ ይጠቀምበታል። በአራት ዓመት ውስጥ ተጠቃሚዎቹ ከ54 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ሐሳቡ በምሥራቅ አፍሪካ አዲስ አልነበረም፤ የኬንያው ኤምፔሳ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኛ ዘግይተን ደረስን።

ታሪክ ሲጻፍ ግን ሙሉውን ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በ2017 ለሕዝብ ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡትም አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ናቸው። ኑሮው፣ ንግዱና ትምህርቱ በአንድ መስመር ላይ የተንጠለጠለ ሕዝብ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሁሉም አብሮ ይቆምበታል። መስመሩ በሰፋ ቁጥር አደራውም ይከብዳል።

በጎሮና በሮቤ ኮምፒውተር የምትማሩ እህቶቻችን፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙ። ቴክኖሎጂ ኮድ መጻፍ ብቻ አይደለም። ዋጋው ስንት ይሁን? ተራ ስልክ የያዘው ገበሬስ እንዴት ይጠቀም? እነዚህን ጥያቄዎች የሚወስን ሰው የሚሊዮኖችን ኑሮ ይነካል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ ታውቁታላችሁ።